የእትዬ ጥሩነሽ እቁብ

ስለ ግብር የሚያወራ ገጠመኝ ማን ያነባል አትበሉኝ። እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ፤ ግብር ማለት ከፍለውት የሚገላገሉት ራስ ምታት ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን በሕይወቴ ከማደንቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚበልጡብኝን ሰው በትክክል ያወቅኋቸው ከገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ከኦዲተር ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ነው። እስቲ ከሥሩ ላውራችሁ።

ከድር እባላለሁ። ቃሊቲ፣ ከባድ መኪና ከማይጠፋበት ዋና መንገድ ዳር ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም እሸጣለሁ። ትውልዴ ስልጤ ነው። ሱቄ ያለችው በእትዬ ጥሩነሽ ቤት ምድር ላይ ነው። እትዬ ጥሩነሽና የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው ከአሮጌው ቤታቸው ቦታ ላይ በባንክ ብድር ባለ አንድ ፎቅ ሠርተው፣ ታቹን ለሱቅ፣ ላዩን ደግሞ እነሱ ከሚኖሩበት ክፍል በቀር ለመኖሪያ ያከራዩ ነበር። ቤቱ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ ባልየው አረፉ። ቤቱም ዕዳውም ለእሳቸው ቀረ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያን ጊዜ ተከራዩ ሁሉ እትዬ ጥሩነሽን የሚያውቃቸው በቋጣሪነታቸው ነበር። የግቢውን አምፖል እየዞሩ የሚያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰሙ ከፎቅ ላይ ሆነው "ውሃ በነፃ ነው ያላችሁ ማነው?" ብለው ግቢውን ያናውጡታል። ለቃሪያ እንኳ ሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቃሉ። ኪራይ የሚጨምሩበት ወር ሲደርስ ወደ ሱቄ ብቅ ይሉና "ከድሬ፣ እንግዲህ ኑሮ ተወደደ" ይሉኛል። "እኔም ላይ ተወዷል እኮ እትዬ" ስላቸው "አውቃለሁ፤ ቆርቆሮ ስትሸጥ አይቼሃለሁ" ብለው ይስቃሉ። ጭማሪውን ግን ትተውልኝ አያውቁም።

ከዓመታት በፊት ከሱቄ ፊት ያለው መንገድ ለማስፋፊያ ተቆፈረ። ቁፋሮው ያልቃል ሲባል አላልቅ አለ። መኪና መቆሚያ አጣ፤ ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው ደግሞ ኩንታል ተሸክሞ ቦይ አይዘልም። ገበያዬ ሞተ። ዕቃ የማመጣበት አለቀ፣ ኪራይ ተጠራቀመብኝ። ጓደኞቼ "ከባንክ ተበደር" አሉኝ። እኔ ደግሞ ወለድ ያለበትን ብር በእጄ አልነካም፤ አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር፣ እኔም አላውቅም። ከወለድ ነፃ የሚያበድረውም ቢሆን መያዣ ይጠይቃል። መያዣ የሚሆን ነገር ቢኖረኝማ መቼ እቸገር ነበር? ሱቄን ዘግቼ አገሬ ወራቤ ልገባ ወሰንኩና ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኳቸው።

ያን ቀን ሰምተውኝ ወደ ፎቃቸው ወጡ። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ግን ወደ ሱቄ ወረዱ፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡና "እቁብ ወጣልኝ" አሉኝ።

"የምን እቁብ?" አልኳቸው። እኔ የእቁብ ሰው ነኝ። የአካባቢያችንን እቁብ ሁሉ ከነዳኛው ከነጸሐፊው አውቃለሁ፤ እሳቸው እቁብ ሲጥሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"የሳሪስ አቦ ሴቶች ነው። አንተ ሁሉን ታውቃለህ እንዴ? ብሩን አሁን አልፈልገውም። ዕቃ አምጣበትና ሲሆንልህ ትመልስልኛለህ።"

"እትዬ፣ ወለድ ምናምን ከሆነ…"

"የእቁብ ብር ምን ወለድ አለው? ይልቅ የተጠራቀመ ኪራዬን አትርሳ!"

በማግስቱ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ እንኳን ወጣልዎ ልላቸው ፎቅ ወጣሁ። ብርቱካኑን አገላብጠው አዩና "በስንት ገዛኸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ተበላህ" አሉኝ።

በዚያ ብር ቆምኩ። መንገዱ ተሠርቶ አለቀ፣ መኪናው ተመለሰ፣ እኔም ብሩን በየወሩ በባንክ ሒሳባቸው እያስገባሁ ቀስ በቀስ ከፍዬ ጨረስኩ። የጨረስኩ ዕለት፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ዕዳ የለብኝም ብዬ ለራሴ አዲስ ሸሚዝ ገዛሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ነው፤ ለእትዬ ጥሩነሽ ከገቢዎች ደብዳቤ መጣላቸው። የኪራይ ገቢያቸው ኦዲት ሊደረግ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤቱን ብድር ከአሮጌው ባንክ አውጥተው ወለዱ ወደሚያንስ ሌላ ባንክ አዛውረዋል። አዲሱ ባንክ የአሮጌውን ዕዳ ዘጋ፤ የቤቱ ዋጋ ከፍ ብሎ ስለነበርም ከላይ ጭማሪ ብር ሰጣቸው። ብድር ማዛወር ደግሞ በባዶ እጅ አይሆንም። አሮጌው ባንክ ያለጊዜው ለምን ተዘጋብኝ ብሎ ያስከፍላል፣ አዲሱ ቤቱን የሚገምት መሐንዲስ ይልካል፣ አንዱን መያዣ ማንሣት፣ ሌላውን ማስመዝገብ አለ። ሒሳብ የሚሠራላቸው ሰው ይህን ወጪ ጠቅልሎ በአንድ ዓመት፣ የአዲሱን ብድር ወለድ ደግሞ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ከኪራይ ገቢያቸው ላይ ሲቀንስ ኖሯል። እሳቸውን የጠየቃቸው ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም ወረቀቱን አምነው ይፈርሙ ነበር።

የሚቀነሰው ግን ለሚከራየው ቤት የዋለ ብድር ወለድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገቢዎች የፈለገው አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ ጭማሪው ብር የት ገባ? መልስ ካልተገኘ የስንት ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ይመጣባቸዋል። ያን የሚከፍሉበት ደግሞ ቤቱን ካልሸጡ ከየት ያመጣሉ? ገዢውም ደጅ ላይ ነበር፤ አንድ ባለሀብት ቤቱን አፍርሶ መጋዘን ሊያደርገው ደላላ ሲልክ ከርሟል። ቤቱ ከተሸጠ እሳቸው ከባላቸው ጋር የሠሩትን ቤት፣ እኔም እንጀራዬን እናጣለን።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው እትዬ ጥሩነሽ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አስከትለው ሱቄ ገቡ። ሰውየው ቆሞ ቆርቆሮዬን በዓይኑ ሲለካ ቆየና እጁን አጨበጨበ።

"መፍትሔው እዚሁ ነው እኮ እማማ! ልጁ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። በዚያን ዓመት ለቤቱ ጥገና ከእሱ ብረትና ቆርቆሮ እንደገዙ አድርጎ ደረሰኝ ይቁረጥልን። ያላለቀ የድሮ ጥራዝ አያጣም። ጭማሪው ብር ቤቱ ላይ ዋለ ማለት ነው፤ በቃ፣ አለቀ!"

እትዬ ጥሩነሽ አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"እስከ ነገ ላስብበት" አሉና ወጡ።

ያን ቀን እንዴት እንደመሸ እኔ ነኝ የማውቀው። ለማንም የውሸት ደረሰኝ ቆርጬ አላውቅም። ግን ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው፤ አንዲት ቃል ቢሉኝ እምቢ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ? እምቢ ባልስ፣ ቤታቸው በእኔ ምክንያት ሲሸጥ በየትኛው ዓይኔ አያለሁ? ዱዓዬ አንድ ብቻ ነበር። ያ ረቢ፣ እንዳይጠይቁኝ።

ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የባላቸውን የቆዳ ቦርሳ በወረቀት ሞልተው ይዘዋል።

"ተነስ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ። የሚሉት ግማሹ አይገባኝም" አሉ።

"ደረሰኙስ?" አልኩ።

"የምን ደረሰኝ?"

"ያ ሰውዬ ያለው…"

"ከድሬ፣ ይሄን ሱቅ ተንገላተህ ያቆምከው አንተ ነህ። ውሸት የማስጽፍበት እኔ ነኝ? ሰውየውን ትናንትናውኑ አባረርኩት፤ የታክሲ እንኳ አልሰጠሁትም።"

እፎይታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እጃቸውን ይዤ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ግን ወዲያው ሌላ ፍርሃት ገባኝ፤ ታዲያ ምን ሊሉ ነው? ታክሲ ውስጥ ልጠይቃቸው ብል ከረዳቱ ጋር በመልስ ሲጨቃጨቁ ደረስን።

ኦዲተሯ ወጣት ሴት ናት። ፊቷ ኮስተር ያለ ነው፤ ግን እትዬ ጥሩነሽን ስታይ ብድግ ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ወረቀቱን አንድ በአንድ ዘርግታ ከወጪው ጀመረች።

"እናቴ፣ ብድሩን ለማዛወር ያወጡትን ወጪ ሒሳብ ሠራተኛዎ በአንድ ዓመት ቀንሶታል። አዲሱ ብድር ግን ለብዙ ዓመት የሚከፈል ነው። ወጪውም የሚያገለግለው ብድሩ እስኪያልቅ ስለሆነ ለየዓመቱ እየተካፈለ ነው የሚቀነሰው።"

እትዬ ጥሩነሽ ትንሽ አሰቡ። "እንደ ቆርቆሮ ነው በይኛ። አንዴ ተመትቶ ስንት ክረምት ያሳልፋል።"

ኦዲተሯ ፈገግ አለች። "ልክ እንደሱ ነው። ይሄ ስህተት ነው፣ ይታረማል። ዋናው ጥያቄዬ ይሄኛው ነው።" የጭማሪውን ብር መጠን ጠራችና እስክሪብቶዋን አነሳች። "ይህን የት አዋሉት? ቤቱ ላይ ነው?"

አዎ ማለት ይችሉ ነበር። ቢያንስ ላስታውስ ማለት ይችሉ ነበር።

"ቤቱ ላይ አልዋለም" አሉ እትዬ ጥሩነሽ፤ የቃሪያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም።

ኦዲተሯ ቀና አለች። "ታዲያ ለምን ዋለ?"

"ለግል ጉዳይ።"

"ለምን ዓይነት?"

እትዬ ጥሩነሽ የባላቸውን ቦርሳ ዘጉ።

"እናቴ፣ ላስቸግርዎት ፈልጌ አይደለም። ለሰው አበድረው ወለድ ተቀብለውበት ከሆነ እሱም ራሱን የቻለ ገቢ ነው፣ ግብር አለው። ካልተቀበሉበት ደግሞ የዚያን ድርሻ ወለድ ብቻ ቀንሼ ፋይሉን ዛሬ እዘጋዋለሁ። የት እንደገባ ካልነገሩኝ ግን እኔ መዝጋት አልችልም። ወደ ምርመራ ይሄዳል፤ እስከዚያ የብድሩ ወለድ በሙሉ ተቀባይነት አያገኝም።"

"ይሂድ" አሉ።

ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። "እትዬ! ይንገሯት እንጂ! ቤቱ ይሸጣል እኮ!"

"አንተ ዝም በል።"

ይህን ሲሉኝ አላዩኝም። እትዬ ጥሩነሽ ሰው ሲቆጡ ዓይን ዓይኑን እያዩ ነው የሚቆጡት። አሁን ግን የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ። ግራ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ያልፈሩ ሴትዮ አሁን ምንድነው የሚደብቁት?

ኦዲተሯ ወደ ወረቀቷ ተመልሳ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረች። ስትጽፍ ብድሩ የተለቀቀበትን ወርና ዓመት ድምፅ አውጥታ አነበበች። ነጋዴ የከሰረበትን ዓመት አይረሳም፤ መንገዱ የተቆፈረበት ዓመት ነው። ወሩም እትዬ ጥሩነሽ በርጩማ ስበው ሱቄ የተቀመጡበት ወር ነው። መጠኑስ? ቀድማ የጠራችው ብር ልክ ከእጃቸው የተቀበልኩት ነበር።

"እትዬ ጥሩነሽ" አልኩ። "የሳሪስ አቦ ሴቶች እቁብ፣ ዳኛዋ ማን ነበረች?"

ጥለታቸውን ይበልጥ ጠቀለሉት።

"ጸሐፊዋስ?"

"አርፈህ ተቀመጥ ብዬሃለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ያ ግቢ የሚያናውጠው ድምፅ አልነበረም።

እቁብ የሚባል ነገር አልነበረም። ወለድ አልነካም ያልኩትን ሰምተው፣ በገዛ ቤታቸው ላይ ዕዳ ጨምረው ከባንክ በወለድ አወጡና፣ እኔ እንድወስደው እቁብ ነው አሉኝ። እኔ እጄን ንጹሕ አድርጌ ስኖር ወለዱን እሳቸው እየከፈሉልኝ ነበር። አምፖል የሚያጠፉት ሴትዮ! በቧንቧ የሚጮሁት ሴትዮ! አሁንም ቤታቸው ሊሸጥ ተቃርቦ አፋቸውን የዘጉት ሌላ ምንም ፈርተው አይደለም፤ የእኔ ሕሊና እንዳይነካ ብለው ነው። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ኦዲተር ፊት አለቀስኩ።

"እህቴ፣ ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሱቅ አቆምኩበት። ዋናውን ብቻ ነው የመለስኩት። ወለድ አምስት ሳንቲም አልጠየቁኝም፣ አልከፈልኩምም። በየወሩ የመለስኩት ባንክ ላይ አለ።"

ስልኬን አውጥቼ ያስገባሁትን ሁሉ አሳየኋት። ከእሳቸው ወረቀት ጋር አመሳከረችው። እትዬ ጥሩነሽ በዚህ መሃል "ይሄ ልጅ አፉ አያርፍም" እያሉ ለብቻቸው ያጉረመርማሉ።

ኦዲተሯ ቀስ ብላ አስረዳችን። ቤቱን የሠራው የድሮ ዕዳ ድርሻ ወለዱ መቀነሱ ይቀጥላል። የእኔ ድርሻ ወለድ ግን ለቤቱ ስላልዋለ ይወጣል። የማዛወሪያው ወጪም እንደዚያው ለሁለት ይለይና፣ የቤቱ ድርሻ በብድሩ ዓመታት ላይ ይካፈላል። የግብሩ ልዩነት የሚከፈል ነው፤ ቀላል አልነበረም፣ ቤት የሚያሸጥም አልነበረም። በየጊዜው እየከፈሉ እንዲጨርሱ ማመልከት እንደሚችሉም ነገረቻቸው።

ልንወጣ ስንል እንደገና ብድግ አለች። "እናቴ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ 'ቤቱ ላይ አልዋለም' ያለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።"

"ታዲያ ቅናሽ አለው?" አሏት እትዬ ጥሩነሽ።

ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ውጭ ወጥተን መንገድ ዳር ቆምን። መኪና እየጮኸ ያልፋል።

"ለምን ዋሹኝ?" አልኳቸው።

"ብነግርህ ትወስደው ነበር?"

"አልወስድም።"

"እኮ!"

"ወለዱ ግን እትዬ… ስንት ዓመት ሙሉ…"

"ወለዱን የከፈልኩት እኔ፣ የበላው ባንኩ። አንተ በየት በኩል ገባህ? ኃጢአት አለው ካልክም እኔ ከአቦዬ ጋር እጨርሰዋለሁ። ደግሞ ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ! ያ ሁሉ ጉድጓድ ደጁ ላይ ተከፍቶ፣ አንተ ብትሄድ ያንን ሱቅ ማን ይከራየኝ ነበር?"

ይህን ብለው ታክሲ ለመጥራት ፊታቸውን አዞሩ። ለእኔ ብለው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በቋጣሪነት ሲታማ ስሰማ ቶሎ አልስቅም። የሚቋጥረው ለማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ? እኔ ስለ ሃይማኖቴ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር፤ አሁንም ወለድ አልነካም። ግን የእኔን ጥንቃቄ ሌላ ሰው፣ ያውም የሌላ እምነት ሰው፣ ከኪሱ እያወጣ ሲጠብቅልኝ እንደነበር ሳውቅ ኩራቴ ተነፈሰ፤ በቦታው ምስጋና ገባ። በሰፈራችን ያሉ አንድ ሼኽ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። "አንተ ያልተዋዋልክበት ወለድ የለብህም" አሉኝ፤ ቀጥለውም "የሴትዮዋ ውለታ ግን አለብህ" አሉ። እኔም ያንን ነበር የፈለግሁት።

ችግሩ እትዬ ጥሩነሽ ብር አይቀበሉኝም። ሦስቴ ሞክሬ ሦስቴ ተሰድቤያለሁ። ስለዚህ በቅርቡ እቁብ ሲወጣልኝ፣ ይኼኛው ዳኛም ጸሐፊም ያለው እቁብ ነው፣ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። የፎቁ ጣሪያ ባለፈው ክረምት ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ወር በገባ በአምስት፣ የአቦ ዕለት፣ እሳቸው ሳሪስ ሊሳለሙ ሲሄዱ አናጢ አስገባሁና አሮጌውን ቆርቆሮ አስነቅዬ አዲስ አስመታሁ።

ሲመለሱ ግቢው መሃል ቆመው አንጋጠጡ። "ይሄ ምንድነው?"

"ፋብሪካው ለናሙና የሰጠኝ ነው" አልኳቸው።

"ናሙና? ቤት ሙሉ?" በርጩማዬን ሳቡና ተቀመጡ። "መልካም። ደረሰኝ ቁረጥልኛ። ለሚከራይ ቤት ጥገና ከግብር ይቀነሳል፤ የገቢዎቿ ልጅ ነግራኛለች።"

"እትዬ፣ ደረሰኝ የሚቆረጠው ለተከፈለ ብር ነው። እርስዎ አልከፈሉም።"

"እንግዲያው ስጦታ ነው ማለት ነዋ! ናሙና እያልክ ለምን ትዋሸኛለህ?"

"ከማን የተማርኩት ይመስልዎታል?"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በነጠላቸው ጠረግ አደረጉትና እንደገና ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። አዲሱ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"በስንት ገዛኸው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ተበላህ" አሉኝ።